መረብና ትሪ ይዘን እስከ ፖቶማክ ምንጭ

ዓርብ፦ ስላይጎ ክሪክ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ስላይጎ ክሪክ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የሰፈራችን ጅረት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን አቋርጦ ይወርድና ኖርዝዌስት ብራንች ይገባል። ያ ደግሞ ወደ አናኮስቲያ፣ አናኮስቲያ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ ቤይ። ዳር ዳሩን የእግረኛ መንገድ ስላለው ሀበሻው ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ሶምሶማ የሚሮጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ እናቶች ልጅ በጋሪ እየገፉ ይጨዋወታሉ። ውሃው ከላይ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው። ጎማ ቦት አጥልቀን መሃሉ ላይ ቆመን ሲያዩን "ይሄ ደግሞ ምኑ ይመረመራል? ንጹህ አይደል እንዴ!" የሚሉን ብዙ ናቸው።

እኔ ይህን ጅረት በበጎ ፈቃድ ከሚመረምሩት አንዷ ነኝ። እንጀራዬ ሌላ ነው፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ለዚህ ሥራ ሳይንቲስት መሆን አይጠይቅም። ስልጠና ይሰጥሃል፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩትን ነፍሳት መለየትህ ይፈተናል፣ መረብና ቅጽ ይሰጥሃል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ቆየት ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተቋቋመው አይዛክ ዋልተን ሊግ የሚባል ማኅበር ጅረቶችን በዜጎች የማስመርመር ፕሮግራሙን የጀመረው በ1969 ነው። የአገሪቱ የንጹህ ውሃ ሕግ ራሱ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1972 ነው።

ሰኞ የኮሎምበስ ቀን ስለሆነ ሥራ ዝግ ነበር። ስለዚህ ከስላይጎ ተነስተን ወደ ላይ፣ ፖቶማክ እስከሚፈልቅበት ተራራ ድረስ ልንሄድ ተነሳን። መንገድ ላይ ካሉ በጎ ፈቃደኞች ጋር እየተገናኘን አብረን ልንሠራ ነው። ሦስት ነን። እኔ፣ ጋሼና የልጅ ልጃቸው። ጋሼ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ የወጡ የቀበና ልጅ ናቸው። ልጁ እዚህ ተወልዶ ያደገ የባዮሎጂ ተማሪ ነው። አማርኛ ይሰማል፤ ሲመልስ ግን ይቀላቅላል። እሳቸውን "አባባ" ይላቸዋል።

ሥራው እንዲህ ነው። ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንደረደረ አረፋ የሚሠራበት ቦታ ይመረጣል። እዚያ ኦክስጅን ይበዛል፤ ነፍሳቱም የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዱ መረቡን ወንዙ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ይዞ ይቆማል። ሌላው ከፊቱ ድንጋዮቹን እያነሳ በእጁ ያሻቸዋል፣ አሸዋውን በእግሩ ይቆሰቁሳል። የተነቀለው ሁሉ ተንሳፍፎ መረቡ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ነጭ ትሪ ላይ ተገልብጦ በወረንጦ መልቀም ነው። ቢያንስ 200 ነፍሳት እስኪሞላ ድረስ አንለቅም።

ነገሩ የገባኝ ዕለት በጣም ነው የገረመኝ። ውሃ በኬሚካል ስትለካው የሚነግርህ የዚያችን ደቂቃ ነው። ትናንት ሌሊት አንዱ የሆነ ነገር ደፍቶበት ካለፈ ዛሬ አታገኘውም። ድንጋይ ሥር ወራትን፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ የሚኖር ነፍሳት ግን የመጣውን ሁሉ ቀምሶታል። መቋቋም የማይችለው ይሞታል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ መቁጠር በቂ ነው።

ስላይጎ ላይ ያገኘነው የተለመደው ነው። የውሃ ትሎች፣ የቢንቢ ዘመድ የሆነው ሚጅ እጭ፣ አልቅት፣ ሳንባ ያለው ቀንድ አውጣ፣ ካዲስፍላይ ከሚባሉት ነፍሳት መረብ የሚያደራው ዓይነት። ሁሉም ቆሻሻን የሚችሉ ናቸው። ስቶንፍላይ የሚባለው፣ ንጹህና ቀዝቃዛ ውሃ ካላገኘ የማይኖረው፣ አንድም የለም። የሚታየው ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ ቅጹ ላይ የሚሞላው ግን "ደካማ" የሚለው ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ዋናው አስፋልትና ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው መሬት ውስጥ አይሰርግም፤ በቱቦ ተንደርድሮ ይመጣና ወንዙን ይጠራርገዋል። በክረምት ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው አለ። የጨው መለኪያዋ ወረቀት ቀጭን ናት። ውሃ ውስጥ ታቆማታለህ፣ ነጭ መስመር ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ቢጫ ጥብጣብ ሲጠቁር ታነባለህ። ገና በረዶ ሳይጥል በጥቅምት መጀመሪያ በሊትር ከ100 ሚሊ ግራም አለፈ። ያለፈው ዓመት ጨው ከርሰ ምድር ውስጥ ገብቶ በጋውን ሙሉ እየሾለከ ነው ማለት ነው። ለውሃ ነፍሳት ለረጅም ጊዜ ሲሆን አደገኛ የሚባለው የክሎራይድ፣ ማለትም ከጨው የሚመጣው ንጥረ ነገር፣ መጠን በሊትር 230 ሚሊ ግራም ነው። እዚያ ለመድረስ ለአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ጢም ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ይህን ለማንም ስነግር የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ በየዓይነቱ በልተን ወጣን። ለአንድ ሰው 19 ዶላር። ሽሮውን ጋሼ አወደሱት፣ ጎመኑ ላይ ዘይት በዝቷል ብለው ተቆጡ። በአይ-270 አውራ ጎዳና ፍሬድሪክ፣ ከዚያ በአይ-70 ሃንኮክ፣ ከዚያ በአይ-68 ወደ ተራራው። ሳይድሊንግ ሂል ላይ መንገዱ ተራራውን ለሁለት ሰንጥቆት ነው የሚያልፈው። ጥልቀቱ 100 ሜትር ያህል ነው፤ የድንጋዩ ንብርብር ወደ ታች ጎብጦ ይታያል። ጋሼ መኪናውን አስቁመው ወርደው አዩ። "የዓባይ በረሃን አስታወሰኝ" አሉ። እውነት ነው፤ ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን ከዳገቱ ጋር የሚመጣው ብርድም።

ከምበርላንድ ስንገባ መሽቶ ነበር። ሞቴሉ በክፍል ከነታክሱ 94 ዶላር ነው። ራት ፍለጋ አንድ ሬስቶራንት ገባንና ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው ምን አለ ብለን ጠየቅን። አስተናጋጇ ደግ ሴት ናት። "ባቄላ አለ" አለች። ባቄላው ሲመጣ የአሳማ ሥጋ ተከትፎበታል። ድንች ጥብስና ሰላጣ አመጣችልንና የባቄላውን ሂሳብ ሰረዘችው። ጋሼ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ሞሉልን።

ቅዳሜ፦ ሉክ፣ የሳቬጅ ደንና የከሰል መንደሩ

ጠዋት መስተዋቱ ላይ ውርጭ ጋግሯል። ነዳጅ ሞላን፤ በጋሎን 3 ዶላር ከ15፣ ከኛ ሰፈር ረከስ ይላል። መንገዱ ወንዙን ተከትሎ ወደ ዌስተርንፖርትና ሉክ ይሄዳል። ሉክ ውስጥ ከ1888 ጀምሮ የሠራ ትልቅ የወረቀት ፋብሪካ ነበር፤ በ2019 ተዘጋ። ከተማው ጸጥ ብሏል። ቡና የሚሸጥበት አንዲት ሱቅ ውስጥ አንድ ሰውዬ "ሽታው ሲኖር ደሞዝም ነበር" አለን። ይህን የሚል ሰው ፊት ቆሞ ስለ ውሃ ጥራት ማውራት ቀላል አይደለም። ግን እሱም ዓሣ ያጠምዳል፤ የት እንደሚያጠምድ በእጁ እየጠቆመ አሳየን።

ከዚያ ወደ ሳቬጅ ሪቨር ደን ወጣን። የሜሪላንድ ትልቁ የግዛት ደን ነው። እዚያ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ይጠብቁን ነበር። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው፤ አንዲት መምህርት ተማሪዎቿን ይዛ መጥታለች። ጅረቱ ከስላይጎ አይሰፋም። ግን ከላዩ ቤት የለም፣ አስፋልት የለም፣ ዛፍ ብቻ ነው። ወደ ውሃው ስንገባ ጋሼ ለልጁ "ቀስ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው" አሉት። ከጉልበት ካለፈ አይገባም የሚለው የስልጠናችን ደንብም ያው ነው። የኔ ቦት የቀኝ እግሩ ተቀዶ ኖሮ በረዶ የመሰለ ውሃ ገባበት። ከመምህርቷ ሌላ ተዋስኩ።

መረቡን ስናነሳ ትሪው ላይ የሚርመሰመሰው ሌላ ዓለም ነው። ጠፍጣፋ፣ ሦስት ጅራት ያለው ሜይፍላይ። በጠጠርና በቅጠል ስብርባሪ ቤቱን ሠርቶ ተሸክሞት የሚዞር ካዲስፍላይ። ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ሳንቲም የሚያክል፣ የውሃ ሳንቲም የሚሉት ጥንዚዛ እጭ። እና ስቶንፍላዮቹ! ሁለት ጅራት፣ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ሁለት ጥፍር፣ ጀርባቸው ላይ ቢጫና ቡናማ ጥለት። ጋሼ ማጉያ መነጽሩን ይዘው ትሪው ላይ አጎነበሱ።

"ይሄ ምን እያደረገ ነው?" አሉ።

አንዱ ስቶንፍላይ እግሮቹን ተክሎ ሰውነቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ቆሟል፣ እየሞቀም ነው፤ ኦክስጅኑ ቀነሰ። ስለዚህ በጉያው ባለው መተንፈሻ ስንጥብ ላይ ውሃ እንዲመላለስለት ይነሳል ይቀመጣል። ልጁ ይህን በእንግሊዝኛም በአማርኛም እያደረገ አስረዳቸው። ጋሼ ጣሳውን አንስተው ሮጡ፤ ከጅረቱ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድተው ቀስ ብለው ጨመሩበት። እንቅስቃሴው ረገበ። ሰውዬው ነፍሳቱን ከልባቸው ነው ያዘኑለት። ቆጥረን እንደጨረስን ሁሉንም ወደነበሩበት መለስናቸው። ውጤቱ "እጅግ ጥሩ"።

ምሳ መምህርቷ ያመጣችው የፖም ኬክና ሳንድዊች፣ የኛ ቆሎ። ቆሎው ቀድሞ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ የሚያሳድሩን ባልና ሚስት ቤት ደረስን። ፖቶማክን ቁልቁል የሚያይ ገደል ላይ ነው ቤታቸው። ስልክ እዚያ አይሠራም። ካርታው መሃል መንገድ ላይ ጠፋብንና አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወረቀት ላይ ስሎ ሰጠን። የቤቱ አባወራ ዕድሜያቸውን በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የጨረሱ ናቸው፤ አባታቸውም እንዲሁ። ሚስታቸው አስተማሪ ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ የምትወርደውን ትንሽ ጅረት ከዓመት ዓመት ይለካሉ።

ስናያት በጣም ታምራለች። መስታወት ናት። ከሳቬጁ ጅረት ትጠራለች ብል አልዋሸሁም። ታችዋ ያለው ድንጋይ ነጣ ያለ ነው፤ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ልጁ መረቡን ዘርግቶ ጋሼ ቆሰቆሱ። ትሪው ላይ ገለበጥነው። አሸዋ፣ ሁለት ቅጠል፣ ጥቂት ሚጅ። ደገምነው። ያው ነው። የአሲድ መለኪያውን የፒኤች ወረቀት ነከርነው፤ 4 አሳየ። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው። ለዓሣ ከ6 በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ሰውዬው አስረዱን። ከከሰሉ ጋር ብረትና ድኝ የያዘ ፓይራይት የሚባል ማዕድን አለ። ጉድጓዱ ሲቆፈር አየርና ውሃ ያገኘዋል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ ሲበረታ ብረቱም አሉሚኒየሙም ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚህ አይታይም። ደለሉም ቶሎ ይዘቅጣል፣ አልጌውም ይሞታል። ውሃው ኩልል የሚለው ስለሞተ ነው። ታች ወርዶ ከሌላ ውሃ ጋር ሲቀላቀልና አሲዱ ሲቀንስ ነው ብረቱ ዝገት ሆኖ ብርቱካናማ የሚያደርገው። ነጩ ደግሞ አሉሚኒየሙ ነው።

"ማን ይጠየቃል ታዲያ?" አሉ ጋሼ፤ እኔ ተረጎምኩ።

ማንም አይጠየቅም። የማዕድን ቦታን መልሶ ማስተካከል የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በ1977 ነው። ከዚያ በፊት ተዘግተው የተተዉት ጉድጓዶች ባለቤታቸው የለም፤ ውሃው ግን እስከ ዛሬ ይፈሳል። ፈንድ አለ፤ ከከሰል አምራቾች የሚሰበሰብ ነው። ግን የቱ ጅረት ቀድሞ ይታከም የሚለውን ለመወሰን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሰውዬው ከመደርደሪያው ላይ ደብተሮቻቸውን አወረዱ። ቀን፣ ሰዓት፣ ፒኤች፣ የውሃ ሙቀት፣ የዝናብ ሁኔታ። በእርሳስ፣ መስመር ሳይዘል። "ባለሙያዎቹ ጎበዞች ናቸው" አሉ፣ "ግን በዓመት አንዴ ነው የሚመጡት። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ከጉዞው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ያ የደብተር ክምር ነው። አገራችን ውስጥ ስለ ወንዝ ስናወራ የምናወራው በዓይናችንና በአፍንጫችን ነው። ቀበና ሸተተ፣ አቃቂ ጠቆረ። ልክ ነን፤ ግን ከመቼ ጀምሮ፣ ከየትኛው ድልድይ በታች፣ በየትኛው ወር ቢባል ሰፈር ውስጥ ጽፎ የያዘ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያ ውሃ ደግሞ እዚያው አይቀርም፤ አባ ሳሙኤል ገብቶ አዋሽ ይወርዳል፣ ታች ጎመንና ቲማቲም ይጠጣዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሚኒሳስ በሚባል ቀላል ዘዴ የትምህርት ቤት ልጆች 13 የነፍሳት ቡድኖችን ብቻ እየለዩ የወንዛቸውን ጤና ይመዘግባሉ። መረብ፣ ትሪና ወረቀት ነው የሚፈልገው። ይህን ስናገር ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና "እኛ ልጆች ሆነን ቀበና ውስጥ እንዋኝ ነበር፤ ሸርጣን እንይዝ ነበር" አሉ። ያንን ጊዜ እንኳ የጻፈው የለም።

ራት የአጋዘን ወጥና የበቆሎ ዳቦ ነበር። ጋሼ ሚጥሚጣ ከኪሳቸው ብልቃጥ አወጡ። ሰውዬው ቀምሰው ፊታቸው ቀላ፣ ግን ደገሙ። ለማደሪያ ገንዘብ ብንሰጥ እምቢ አሉ።

እሁድ፦ ፌርፋክስ ስቶን፣ ቶማስ፣ ብላክዋተር

ጋሼ ከሌሊቱ ጀምሮ ቅዳሴ በስልካቸው ሊሰሙ ሞክረው ኔትወርክ እምቢ ስላለ ውዳሴ ማርያማቸውን በረንዳ ላይ ቆመው ደገሙ። ቁርስ እንደበላን ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተሻገርን።

ፖቶማክ የሚጀምርበት ቦታ ፌርፋክስ ስቶን ይባላል። ለምልክት መጀመሪያ ድንጋይ የተተከለው በ1746 ነው፤ የዛሬው የ1957 ነው። ከዋናው አስፋልት ገንጠል ብሎ በጠጠር መንገድ ይገባል። እዚያ ጠጠር ላይ ነው ጎማችን የተነፈሰው። ስለት ያለው ድንጋይ ጎኑን ቀዶታል። ቅያሬ ጎማው ትንሿ፣ ለጊዜው ብቻ የምትሆነው ዓይነት ናት። እሁድ ነው፤ እዚያ ተራራ ላይ ክፍት ጎሚስታ ከየት ይመጣል? አገር ቤት ቢሆን በየመንገዱ ዳር ጎማ የሰቀለ ልጅ ይኖር ነበር። ልጁና ጋሼ ቅያሬዋን አሰሩ፤ እኔ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፍኩ። ከዚያ በእግር ሄድን።

ምንጩ ምንም አይደለም ብሎ የሚያልፍ ሰው ይኖራል። ከሣር ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። ልጁ በአንድ እርምጃ ተሻገረው። ዋሽንግተን ላይ ድልድይ በድልድይ የተሠራበት፣ ከዚህ እስከ ቼሳፒክ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው ወንዝ ይሄ ነው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውሃውን ለካን፣ ንጹህ ነው። ትሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ይህን ያህል ጠባብ ውሃ ውስጥ መረብ ማስገባት ስለማይገባ አልቆሰቆስንም።

የሚያሳዝነው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ነው የሚመረዘው። ኬምፕተን የሚባል የከሰል መንደር ነበር፤ በ1950 ማዕድኑ ተዘግቶ ሰዉ ወጣ። ከጉድጓዱ የሚወጣው አሲድ ግን አልቆመም። ለዓመታት የላይኛው ፖቶማክ ዓሣ የማይኖርበት ወንዝ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሜሪላንድ ወንዙ ዳር ኖራ የሚጨምሩ መሣሪያዎች አቆመች። ረጅም የብረት ጎተራ ነው፤ የውሃው ኃይል ራሱ እያንቀሳቀሰው ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት ይለቅቃል። አሲዱ በረደ፣ ትራውት ዓሣ ተመለሰ። ትናንት ሉክ ውስጥ ያ ሰውዬ የሚያጠምደው ይህን ነው። ኖራው ካቆመ ግን ሁሉም ያቆማል። ማዳን ሳይሆን ማስታመም ነው፤ ለዚህ ነው በየጊዜው የሚለካ ሰው የሚያስፈልገው።

በትንሿ ጎማ እየተንፏቀቅን ቶማስ ደረስን። የከሰል ከተማ ነበር፤ አሁን የሥዕል ጋለሪና ካፌ ሞልቶታል። ከዋናው መንገድ ሥር የሚያልፈው የብላክዋተር ወንዝ ሰሜናዊ ገባር ብርቱካናማ ነው። ድንጋዩ በዝገት ተለብጧል። ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳዋል፤ ያምራልም። አንድ ድንጋይ አነሳሁ፤ ሥሩ ላይ ምንም የለም፣ ጣቴ ላይ የቀረው ቀይ ጭቃ ብቻ።

ካፌው ውስጥ ሁሉም የሚበላው ፔፐሮኒ ሮል የሚሉት፣ ቋሊማ ውስጡ ያለበት ዳቦ ነው፤ 5 ዶላር። ጣሊያናዊ ስደተኛ ዳቦ ጋጋሪ ፌርሞንት ከተማ ውስጥ ለማዕድን ሠራተኞች የፈጠረው ነው ይባላል። ጉድጓድ ውስጥ በአንድ እጅ እንዲበላ። የአሳማ ሥጋ ስላለበት ለኛ አልሆነም፤ ዳቦ በቺዝና የቲማቲም ሾርባ በላን። ቡናው ቀጭን ነው። ጋሼ ለሁለተኛ ጊዜ አላዘዙም።

ከቶማስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ዴቪስ አለ፣ እዚያ ብላክዋተር ፏፏቴ። 17 ሜትር ያህል ይወርዳል። ውሃው ቡናማ ነው፣ ጠቆር ያለ ሻይ። ልጁ "አባባ፣ ይሄስ?" ብሎ ፈተናቸው። ጋሼ ቅዳሜን ስላዩ ቸኩለው አልመለሱም። "ድንጋዩ ሥር ሳላይ አልናገርም" አሉ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። ቀለሙ ከዛፍ ነው የመጣው። ከላይ ያሉት የሄምሎክና የስፕሩስ ቅጠሎች ታኒን ይለቃሉ፤ ሻይ ቅጠል የሚለቀው ዓይነት ነው። ከፏፏቴው በላይ ማንሳት በሚፈቀድበት ቦታ ጥቂት ድንጋይ ገለበጥን። ሜይፍላይ አለ፤ ቤቱን የተሸከመ ካዲስፍላይም አለ። የጠቆረው ውሃ ሕይወት አለው።

ማታ ወደ ባልና ሚስቱ ቤት ተመለስን። ሰውዬው ጎማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጎኑ የተቀደደ አይጠገንም። ጎረቤታቸው ጋ ደውለው ልኩ የሚሆን ያገለገለ ጎማ አገኙ። ጎረቤትየው ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ ገጠመልን፤ 40 ዶላር ብቻ ተቀበለ። ሴትዮዋ ለመንገድ የሚሆን ጃም በጠርሙስ ሰጡን፤ ጋሼ የቀረውን ሚጥሚጣ ከነብልቃጡ ተዉላቸው።

ሰኞ፦ ሙርፊልድና ወደ ቤት

የመልሱን መንገድ በኮሪደር ኤች አደረግነው። አዲስ፣ ሰፊ፣ ተራራ ለተራራ የሚሄድ አስፋልት ነው፤ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሆኗል። ሙርፊልድ ስንደርስ የፖቶማክን ደቡባዊ ክንድ ለካን። አካባቢው የዶሮ እርባታ ነው፣ ሽታው ከሩቅ ይቀበልሃል። ፒኤች ደህና፣ ኦክስጅን ደህና፣ ነፍሳቱ መካከለኛ።

ነገር ግን እዚህ ወንዝ ላይ በ2003 ተመራማሪዎች ሰውነታቸው ውስጥ እንቁላል መሥራት የጀመሩ ወንድ ዓሦች አግኝተዋል። ሆርሞን የሚያዛባ ነገር ውሃው ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህን የኛ ወረቀትም መረብም አያሳይም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። በጎ ፈቃደኛ ሁሉን ያውቃል ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። እኛ የምንችለው ለውጥ ሲኖር ቶሎ አይቶ የሚችለውን መጥራት ነው። እሱም ቢሆን ሰው ቦታው ላይ ሲገኝ ነው።

ከስትራስበርግ በኋላ በአይ-66 ትራፊኩ ያው ነው፣ አልነግራችሁም።

ማታውኑ ቅጾቹን ክሊን ዋተር ሃብ ወደሚባለው የመረጃ ቋት አስገባን። ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው ይችላል። አስተባባሪያችን የሳቬጁን ገጽ አይታ ስቶንፍላዮቹ በዝተውባት "እርግጠኛ ናችሁ?" ብላ ጻፈች። ልጁ የጥፍራቸውን ፎቶ ላከላት፤ ተቀበለችው። ያቺ የገደሉ ጅረትም ከ4 ፒኤችዋ ጋር ተመዝግባለች፤ ሰውዬው ከዚህ በኋላ በደብተሩም በቋቱም ሊያስገቡ ተስማምተዋል፣ የሚተይቡት ሚስታቸው ናቸው።

የጨው መለኪያው ወረቀት ለጠየቀ በነጻ በፖስታ ይላካል። ጋሼ ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ብለው አዘዋል። የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ መንገዱ ላይ ጨው በተበተነ ማግስት ነው የምንወጣው።